ትሪግላቭን ሁለቴ ወጥቻለሁ ያለኝ ሰው

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ፊቱ ላይ አይደለም፤ አውራ ጣቱ ላይ ነው። ዋና ከተማችን ሉብልያና ውስጥ የተራራ ጫማ በምሸጥበት ሱቅ፣ ጫማውን አውልቆ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል፤ እሱ ደግሞ በሌላው እግሩ ሊሸፍነው ይታገላል።

«ተወው፣ እዚህ ከዚህ የባሰ አይተናል» አልኩት።

«ጠዋት ሳደርገው እኮ ደህና ነበር!» አለና እስከ ጆሮው ቀላ።

እስከ ጆሮው የሚቀላ ወንድ ደስ ይለኛል... ምን ላድርግ! ስሙ ኮሎማን ነው። የሙዚቃ አስተማሪ ነው፤ ጫማውን የፈለገው ተማሪዎቹን አንዲት ኮረብታ ላይ ለሽርሽር ሊወስድበት ነው። እኔም ደንበኛን ሁሉ የምጠይቀውን ጠየቅኩት።

«እስካሁን የት የት ወጥተሃል? ትሪግላቭስ?»

ትሪግላቭ የአገራችን ትልቁ ተራራ ነው፤ ባንዲራችን ላይ ሳይቀር አለ። ያልወጣ ሰው ዝም ይላል እንጂ አልወጣሁም ብሎ በሰው ፊት አይናገርም። ከኮሎማን አጠገብ ደግሞ ጫማ የሚለኩ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ጥያቄዬን ሰምተው ቀና አሉ።

«እንዴታ! ሁለቴ!» አለ ኮሎማን።

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ጫማ ሳይሆን አበባ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው ገምቱት።

ኮሎማን የምሥራቅ ሰው ነው፤ ከሙራ ወንዝ ማዶ፣ መሬቱ ለጥ ካለበት። እኔ ኔዣ ደግሞ የራዶቭሊትሳ ልጅ ነኝ፤ እኛ ቤት መስኮት ሲከፈት የሚታየው ተራራ ነው።

«እናንተ አገር ከሁሉ ከፍ ያለው ነገር ምንድነው?» እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

«የሽመላ ጎጆ» ይለኛል፣ ምንም ሳይከፋው።

የቫኒላ አይስክሬም ላይ የዱባ ፍሬ ዘይት አፍስሶ አጎረሰኝ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ዋጥኩት። በሳምንቱ ራሴ ጠየቅኩት። እንዲህ እንዲህ እያልን ሳናውቀው አንዳችን ካለ አንዳችን ምግብ የማይጥመን ሰዎች ሆንን።

አንድ ምሽት ወንዙ ዳር ስንንሸራሸር ልቤን ከፈትኩለት።

«ኮሎማን፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። የፈለግከውን ሁን፣ ድሃ ሁን፣ ሰነፍ ሁን... ብቻ እንዳትዋሸኝ። በፊት የነበረው ሰውዬ በውሸት አንገፍግፎኛል።»

እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘው። እኔ ከፍቅር ብዛት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ክረምቱ ገባ። አባቴ ሉድቪክ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ በየዓመቱ በረዶው መንገድ ሲዘጋ የቤተሰቡን የበጋ ጉዞ ያቅዳል። ለዕቅዱ የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ካርታ ይዘረጋል፤ አንዱ ጫፍ ላይ የቋሊማ ሳህን፣ ሌላው ጫፍ ላይ ሮም አረቄ የተጨመረበት ሻይ ይቀመጣል፣ ካርታው እንዳይጠቀለል። በዚያ ዓመት ኮሎማንም ተጠራ። እኛ ቤት ለጉዞ ዕቅድ የተጠራ ሰው ማለት... ገባችሁ አይደል?

«መጀመሪያ ክሮኤሺያ እንወርዳለን፣ ፕሊትቪቼ» አለ አባዬ ጣቱን ካርታው ላይ እየነዳ። «ሐይቆቹ የማርዬታ ናቸው።»

«ሠላሳ ዓመት ድንጋይ አሳይተኸኛል፤ እስቲ አሁን ደግሞ ውሃ ልይ!» አለች እናቴ ማርዬታ።

«ከዚያ ሪስንያክ ፓርክ፣ ጫካ ለጫካ። ከቀናን ድብ እናያለን።»

«ድቡ ቀድሞ ካየንስ?»

«አንቺን ካየ ራሱ ይሸሻል! ከዚያ ወደ አገራችን ተመልሰን፣ የቭርሺችን ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ በመኪና አቋርጠን፣ መጨረሻ ላይ በእግራችን ትሪግላቭ! አራታችንም!»

ኮሎማን ሻዩ ትን አለው።

«አቶ ሉድቪክ... ሆርቶባጊስ ቢሆን? ሃንጋሪ ነው። እሱም ብሔራዊ ፓርክ ነው።»

«ሰማሁ። ከፍታው ስንት ነው?»

«ዘጠና... ሜትር።»

«ዘጠና! ልጄ፣ ይሄ እኮ ምንጣፍ ነው!»

እኔና እናቴ በሳቅ ፈረስን። ኮሎማን ግን አልሳቀም። አባዬ ወደ እሱ ጠጋ አለ፤ ዓይኑ ያበራ ነበር።

«ለመሆኑ ማን ገረፈህ?»

እኛ አገር ትሪግላቭን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሰው ጫፉ ላይ አጎንብሶ መቀመጫውን በገመድ ይገረፋል፤ የተራራ ጥምቀት ነው። አባዬን የገረፈው የእናቴ አባት ነበር፣ እናቴን ለጋብቻ ሊጠይቅ በመጣበት ዓመት። ከዚያ ጀምሮ አባዬም በተራው አማቹን የሚገርፍበትን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል።

«አ... ጓደኛዬ» አለ ኮሎማን።

«በደንብ ገርፎሃል?»

«በ... በደንብ።»

የአባዬ ፊት ጥቁር አለ። «ይሁን እንግዲህ» ብሎ ሻዩን ቀዳ። እናቴ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። «አይዞህ ሉድቪክ... ምን እናድርግ፣ ሌላ ሴት ልጅ የለችን!»

ኮሎማን ያን ቀን ሙሉ ተራራውን ከዕቅዱ ሊያስወጣ ታገለ። አንዴ ጉልበቴን ያመኛል አለ፣ አንዴ ዝናብ ይሆናል አለ፣ አንዴ ፕሊትቪቼ ብቻውን ሳምንት ይፈጃል አለ። ከቤት እንደወጣን አላስቻለኝም።

«ከቤተሰቤ ጋር መሄድ ካልፈለግክ ለምን በግልጽ አትናገርም?»

«እንደሱ አይደለም፣ ኔዣ...»

«ታዲያ ምንድነው? እኔን ማግባት ፈራህ?»

«አንቺን? በፍጹም!»

«ምንድነው ታዲያ!»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ያ ዝምታው ነው የገደለኝ።

«በቃ፣ አትምጣ» አልኩት። «ጉዞውንም ተወው፣ እኔንም ተወኝ!»

እያለቀስኩ ወደ ቤት ገባሁ። እሱም አገሩ ገባ። ፋሲካ እስኪደርስ ድረስ አልተነጋገርንም። ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ሁለት የግራ ጫማ እስከ መስጠት ደረስኩ።

አንድ ቀን እናቴ ድንች እየላጠች እንደዘበት ተናገረች።

«ያ ልጅ ግን... አባትሽ የተራራውን ጫፍ ፎቶ ሲያሳየው በሁለት እጁ ወንበሩን ይዞ ነበር፤ አላየሽም?»

«ወንበሩን?»

«ሊወድቅ እንደሆነ ሰው። ቁጭ ብሎ!»

በማግስቱ ወደ ኮሎማን አገር ባቡር ተሳፈርኩ። እናቱ በር ላይ ተቀበለችኝና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ኔዣ ማለት አንቺ ነሽ? ሌንዳቫ ከተማ፣ ማማው ላይ ነው። በየቀኑ ይሄዳል፣ ላብ በላብ ሆኖ ይመለሳል። ልጄን ምን አደረግሽው?»

ማማው ከወይን ተክሉ መሃል የቆመ ረጅም የብረት መመልከቻ ነው። ደረጃውን ስወጣ ግማሽ መንገድ ላይ አገኘሁት። መደገፊያውን አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ልጆች እየሳቁ ያልፉታል።

«ኮሎማን?»

«ኔዣ? አንቺ ነሽ? ይቅርታ፣ ዓይኔን መግለጥ አልችልም።»

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እየወጣሁ ነው።»

«ንቅንቅ እንኳ አላልክም እኮ!»

«ትናንት እዚህም አልደረስኩም ነበር።»

አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ተናገረ፤ ዓይኑን እንደጨፈነ ሁሉንም ተናገረ።

«ትሪግላቭን አልወጣሁም። ሁለቴም፣ አንዴም። አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ስቆም እንኳ ያዞረኛል።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«ካልሲዬ ተቀዶ ነበር... አንቺ ቆንጆ ነበርሽ... ሽማግሌዎቹም ያዩኝ ነበር። ከአፌ አመለጠኝ። በኋላ ደግሞ እንዳትዋሸኝ አልሽኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ባወጣው የማጣሽ መሰለኝ። አሁን ወጥቼ ውሸቴን እውነት ላደርገው ነበር።»

ልቆጣ ፈለግኩ፤ ተቆጥቼም ነበር። ሳቄ ግን ቀደመኝ።

«ሁለቴ ማለትህ ነው የሚያናድደኝ! አንዴ ብትል ምን ነበረበት?»

«እኔም ሌሊት ሌሊት እሱን ነው የማስበው።»

ፊቱን በእጄ ጠረግኩለት። እንባዬ መጣ።

«ስማኝ። እኔ ተራራ የወጣ ሰው ፈልጌ አላውቅም። የሆነውን የሚነግረኝ ሰው ነው የፈለግኩት። ፈራሁ በለኝ፣ አልችልም በለኝ፣ ብቻ ንገረኝ። ይሄ የመጨረሻው ይሁን።»

«የመጨረሻው ነው።»

«እሺ፣ አሁን ምን እያሰብክ ነው? እውነቱን!»

«ሽንቴን ወጥሮኛል... ደግሞ እወድሻለሁ።»

ከዚያ ማማ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ በጣም በዝግታ ወረድን።

ለእኔ የነገረኝ በቂ ነበር። አባዬ ግን ቀርቷል። እሁድ ኮሎማን ወጥ ቤታችን ገብቶ ሳይቀመጥ ተናገረ።

«አቶ ሉድቪክ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ትሪግላቭን ወጥቼ አላውቅም። ከፍታ እፈራለሁ።»

አባዬ ሹካውን አስቀመጠ።

«እና... ማንም አልገረፈህም?»

«ማንም።»

«በጭራሽ?»

«በጭራሽ።»

አባዬ ተነስቶ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። የሚወድቅ ዕቃ፣ የሚገለበጥ ባልዲ ሰማን። ኮሎማን አመድ መሰለ። እኔም ብሆን ያለ አባዬ ምርቃት የምገባበት ትዳር ታይቶኝ አያውቅም። ሲመለስ እጁ ላይ አዲስ ገመድ፣ ዓይኑ ላይ እንባ ነበር።

«ኔዣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ነው የገዛሁት!» አለና ኮሎማን ላይ ጥምጥም አለበት። «አምላኬ፣ አልተገረፈም! ማርዬታ፣ ሰማሽ? አልተገረፈም! ስለ ውሸትህ ደግሞ ሦስት እጨምርልሃለሁ!»

«ይጨምሩ! አሥር ይጨምሩ!»

«ካርታውን አምጡ!» አለች እናቴ።

ዕቅዱ እንደ አዲስ ተሠራ። ሐይቆቹና ጫካው ባሉበት ቀሩ። ከቭርሺች በፊት ኮሎማን የሚለማመድባቸው ትንንሽ ተራሮች ገቡ። አባዬ በገዛ እጁ ሆርቶባጊን ከመጨረሻው ላይ ጨመረለት። «ከዚያ ሁሉ ዳገት በኋላ ምንጣፍ ላይ መንከባለል አይጠላም» አለ።

በጋው ደረሰና ሄድን። እናቴ ፕሊትቪቼ ላይ ከሐይቆቹ ዳር አልነሳም ብላ በግድ መኪና ውስጥ አስገባናት። ድብ አላየንም፤ አባዬ ግን ያኮረፈ አይመስልም ነበር፣ መንገዱን ሁሉ እየዘፈነ ነዳ። ቭርሺች ላይ መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ኮሎማን ዓይኑን ይጨፍናል።

ትሪግላቭን ስንወጣ አባዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ኮሎማን መሃላችን በገመድ ታስሮ፣ እናቴም እየተከተለችን ነበር።

«ኔዣ፣ ፈራሁ።»

«አውቃለሁ፣ ፍቅሬ። ግራ እግርህን።»

«አሁንም ፈራሁ።»

«አውቃለሁ። አሁን ቀኝህን።»

እንዲህ እያልን ደረስን። ጫፉ ላይ የነበሩ የማናውቃቸው ሰዎች ሁሉ ተሰብስበው አጨበጨቡ። አባዬ እያለቀሰም እየሳቀም ገረፈው፤ የቅጣቱን ሦስት እናቴ ተቀብላ ጨረሰችው። ኮሎማን ወዲያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ቋጥኝ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ኔዣ።»

«ወይ።»

«መንበርከክ ነበረብኝ። ግን ይሄን ድንጋይ ከለቀቅኩ የምሞት ይመስለኛል።»

«እና?»

«የግራ ኪሴን ክፈቺው። ራስሽ አውጪው።»

ዚፑን ከፈትኩ። ጣቴ ትንሽ ቀዝቃዛ ቀለበት ነካ። ነፋሱ እንዳይወስደው ፈርቼ እዚያው ኪሱ ውስጥ እንዳለ ጣቴ ላይ አጠለቅኩት።

«ታገቢኛለሽ?» አለ፣ ዓይኑን ገልጦ።

እጄን ከኪሱ አውጥቼ ቀለበቱን እያየሁ አለቀስኩ።

«በይ እሺ በይው እንጂ!» ብላ ጮኸች እናቴ። «ልጁ በቶሎ ይውረድ!»

«እሺ! አዎ! እሺ!»

ኮሎማን ወደ ታች አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ። አንድ እጁን ከድንጋዩ ላይ አነሳ። ሁለተኛውንም አነሳ። በሁለቱም እጄን ያዘ።