አመዱ ላይ የደረቀው ጨው

ጣልያን በወጣ በዓመቱ፣ የአሞሌ ጨው ነጋዴው አቶ ወልደጊዮርጊስ መቐለ ውስጥ ባሠሩት ቤት ምሳ በልተው፣ ሆዳቸውን እንደያዙ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ «የአይጥ መርዝ ነው» አለ። ወጡን የሠራችው ጎጃሜዋ አያልነሽ በገመድ ታሰረች። ፍርዱ ስቅላት ነው። ጡት ያልጣለ ልጇ ጓዳ ውስጥ ያለቅሳል፤ ማን ይስማው!

መርማሪው ባሻ አስናቀ መጡ። ከዓይናቸው ዝንብ አታመልጥም ይባልላቸዋል።

«አባባ፣ ልጄን ማን ያሳድግልኛል?» አለች አያልነሽ እግራቸው ላይ ወድቃ።

«ተነሺ። ጨው መቼ ጨመርሽ?»

«ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ነዋ! አሞሌ ፈልጬ ከውሃው ጋር ጣድኩና ልጄን ላጠባ ወጣሁ። ስመለስ እሳቱ ግማሹ ጠፍቶ፣ አመዱ ረጥቦ ነበር። ከዚያ ሽሮውን ጨመርኩ።»

ባሻ ምድጃው ሥር ተንበረከኩ። አመዱ ላይ ጨው ደርቋል፤ የሽሮ ጠብታ ግን የለም።

«እርስዎስ?» አሉ ባሻ፣ ወደ ሟች ሚስት ወደ አሰገደች ዞረው።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም ላይ ስለነበርኩ አልቀመስኩም። እሳቸው ግን ጨው በዛ ብለው እየተቆጡ ነው የበሉት።»

የሟች ወንድም ከፋለ ጋቢውን ተከናንቦ ተቆጣ። «እኔን ደግሞ ምን ይጠይቁኛል? ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል? ገብቼም አላውቅ። ይስቀሏትና እንገላገል!»

ባሻ አያልነሽን አስፈትተው፣ ሦስቱን በሚፈላ ድስት ዙሪያ አቆሙ። ለእያንዳንዳቸው የተፈጨ ጨው ሰጡ። «በሉ፣ ባንድ ላይ ጨምሩ!»

ሴቶቹ ጎንበስ ብለው በተኑ። ከፋለ ግን ፊቱን አዙሮ፣ በግራ እጁ ከሩቅ ወረወረ። ውሃው ቱፍ ብሎ ዘለለ።

«ዋይ አነ! እጄን!» ጮኸች አሰገደች።

«ከፋለ፣ ለምን ሸሸህ?» አሉ ባሻ።

«እሳት ነዋ!»

«እሳቱንማ ሁሉም አይቶታል። በዚህ ቤት አሞሌ የሚጣደው ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ነው። አስቀድሞ የሟሟ ጨው ውሃው እንዳይፈላ ጥቂት ቢያዘገየው እንጂ አያስገነፍለውም። ደቃቅ ጨው የሚፈላ ውሃ ላይ ሲበተን ግን እንዲህ ይዘላል። ሴቶቹ ይህን ስለማያውቁ ተቃጠሉ። ጓዳ የማታውቀው አንተ ከየት አወቅኸው? አያልነሽ ልጇን ስታጠባ፣ ሽሮው ሳይጨመር፣ መርዙን ከጨው ጋር ቀላቅለህ ስትበትን አመዱ ላይ ገነፈለብህ። ወጡም ጨው የበዛበት ለዚህ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ! በል፣ ቀኝ እጅህን አውጣ።»

ጋቢው ሲገለጥ የእጁ ቆዳ ተልጧል።

«ጨዉን ከበረሃ የማመጣ እኔ፣ ጌታ የሚባል እሱ!» አለ ከፋለ፣ እያለቀሰ።

ባሻ ወደ አያልነሽ ዞሩ። «ይቅር በይኝ ልጄ፣ አቃጠልኩሽ።»

እሷ የተቃጠለ እጇን አላየችውም። እየሮጠች ጓዳ ገባች። ወዲያው የልጁ ለቅሶ ጸጥ አለ።