ቃል በቃል የተሰማው ዜና

ልብስ ሰፊዋ ከስልኳ ዜና እየሰማች ነው የሞተችው ተባለ። ስልኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲያወራ በግድግዳው በኩል ተሰምቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባሏ ገባ፤ ከዚያ በኋላ የተሰማው የእሱ ጩኸት ነው። እንግዲህ ማን ገደላት? ለሰፈሩ ሰው ይሄ ጥያቄም አልነበረም።

ባልየው የተማሪዎች ሰርቪስ ሹፌር ነው። በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ በወደቀችበት ክፍል በርጩማ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል፤ በሩ ላይ ካቴና የያዘ ፖሊስ ቆሟል። እሱ ከታሰረ ሁለቱን ሴቶች ልጆች ማን ያሳድጋቸዋል? ሆስፒታል የተኛውን የዓመት ተኩል ልጁንስ ማን ያቅፈዋል? የልጁን ሕመም ሐኪሞቹም ገና አላወቁትም። ሰውየው ሰማይ ተደፍቶበት እንባ እንኳ እምቢ ብሎታል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ከእሷ እጅ ገለባ አያልፍም። ደም የነካውን የስፌት መኪናውን ጠርዝ አየች። ከዚያ መርፌው ስር የቀረውን የተማሪ ዩኒፎርም ብድግ አድርጋ፣ በጠመኔ የተጻፈበትን ቁጥር አፍጥጣ አየችው።

«ይሄ የልኬት ቁጥር ነው?» አለችው።

«እንጃ፣ እኔ ስለ ስፌት ምን አውቃለሁ?»

«ትናንት ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር።»

«አዎ። ልጁ ታሞብን ስልኳ ሲለፈልፍብኝ... ‹አንድ ቀን አንቺንም ስልኩንም በመስኮት ነው የምወረውራችሁ› አልኳት። በንዴት ነው እኮ፣ እህቴ!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ያቺን ቃል የሚስቱ እህት ሰምታለች፤ ትናንት ማታ ለፖሊስ የተናገረችውም እሷው ናት።

«ዜና ይህን ያህል ትወድ ነበር?»

«ለመውደድማ መቼ ጊዜ አላት! ሦስት ልጅ፣ የሰው ልብስ... ትምህርት ተዘጋ፣ ውሃ ጠፋ፣ ክትባት መጣ፣ ሁሉንም ከወላጆች ግሩፕ እየሰፋች ነው የምትሰማው። እኔ እንኳ አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም። ሥራ እንዳይፈታባት በእጥፍ ፍጥነት ታስሮጠዋለች፤ እንደ ጫጩት ነው የሚንጫጫው። ‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች› ስላት፣ ‹ያልቸኮለችስ መቼ ደረሰች?› ትለኛለች።» ድምፁ ተሰበረ። «ትለኝ ነበር።»

ወንፊት ወጥታ የሟቿን ጎረቤት በር አንኳኳች። ጎረቤቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

«ምን ሰሙ፣ እትዬ?»

«ከስምንት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ ዜናውን ነዋ! የአንደኛ ክፍል ምዝገባ እስከ ዓርብ ነው፤ የድልድዩ መንገድ ለከባድ መኪና ተዘግቷል። ቃል በቃል ልንገርሽ? ወትሮ ጆሮዬ ደክሟል እያልኩ እተወው ነበር፤ ትናንት ግን ጥርት ብሎ ገባኝ።»

«ትናንት ገባዎት» አለች ወንፊት በቀስታ።

የሟቿ እህት ሌሊቱን ከሕፃኑ ጋር አድራ አሁን ገና መድረሷ ነው። የልጁን ቦርሳ ከትከሻዋ ሳታወርድ አማቿ ላይ ጮኸችበት። «እስከ ስምንት ከሃምሳ ስምንት በሕይወት ነበረች! ግሩፑ ላይ ማን መቼ እንደሰማ ይታያል! አንተ ነህ! አንተው ነህ!»

ሹፌሩ ከበርጩማው ሳይነሳ ራሱን ነቀነቀ።

ወንፊት ታች ወርዳ ሩብ ሰዓት ቆየች። ስትመለስ ምድር ቤት ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት ተከትሏታል። «ማይኩ» ነው የሚባለው፤ ለማንበብ ጊዜ ለሌላቸው ወላጆች በየቀኑ ዜናውን በድምፁ እያነበበ ግሩፑ ላይ የሚለቅላቸው እሱ ነው። «እግዜር ያጽናህ፣ ወንድሜ» አለ፣ በዚያ ሁሉም በሚያውቀው ለስላሳ ድምፅ። ወንፊት እትዬንም ጠርታ በሩን ዘጋች።

«ባሏ አንድም ቀን ያልገባውን ዜና እትዬ ትናንት ቃል በቃል ሰሙት። ስልኳን አየሁት፤ ፍጥነቱ ወደ መደበኛ ተመልሷል። ልጇ ሆስፒታል የተኛ፣ ዩኒፎርም ለማድረስ የምትጣደፍ ሴት ዜና ቀስ አድርጋ ትሰማለች?»

«ኧረ እሷ!» አሉ እትዬ።

«ሌላ ሰው ነው የቀየረው። ለምን? ሳትሰማቸው የተጠራቀሙ ሠላሳ ስምንት መልእክቶች ነበሩ። አንዱን ከከፈቱት ሌላው በራሱ ይከተላል፤ ሰሚ ባይኖርም ‹ተሰማ› ይላል። በእሷ ፍጥነት ሃያ ደቂቃ፣ በመደበኛው አርባ ደቂቃ ይፈጃሉ። ከስምንት ከሃያ አርባ ደቂቃ ቁጠሩ።»

«ዘጠኝ ሰዓት» አለ ሹፌሩ። «እኔ የምገባበት።»

«ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሰዓት። ከስምንት ከሃያ በፊት ግን አንተ መኪናህ ላይ ነበርክ፤ የትምህርት ቤቱን አስተማሪዎች ጠይቄያለሁ። ታዲያ የሠላሳ ስምንቱን መልእክት ርዝመት ማን ያውቃል? ያነበባቸው ሰው።»

ማይኩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኔ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ደንበኛ ሳስተናግድ...»

«ከስምንት ተኩል ጀምሮ፤ ከዚያ በፊትስ? ይሄ የጠመኔ ቁጥር የሕፃናት ሳል ሽሮፕ የምርት ቁጥር ነው። እንዳይሸጥ ከሦስት ቀን በፊት ማስታወቂያ ወጥቷል። እርስዎም አነበቡት፤ ቁጥሩ ጋ ሲደርሱ ግን ወደ ምዝገባው ዘለሉ። ሽሮፑን አሁን መደርደሪያዎ ላይ አይቼው ነው የመጣሁት። እሷ ትናንት ማስታወቂያውን ራሷ ከፍታ አነበበችው፤ ስልኳ ላይ ይታያል።»

የእህትየው ቦርሳ መሬት ወደቀ። «ሽሮፕ? የሳል ሽሮፕ?»

«እናት እንዲህ ያለ ነገር ስታውቅ መጀመሪያ የምትናገረው ጠርሙሱን ለያዘው ሰው ነው» አለች ወንፊት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከእሷ የመጣ ያልሰማሽው መልእክት አለ?»

«አለ።» እህትየው ስልኳን አወጣች። «ትናንት ከግሩፑ መልእክት ስር ተቀብሮ አላየሁትም። ማታ አየሁት... ሞታ ድምፅዋን መስማት አቃተኝ። አቃተኝ እኮ!»

ወንፊት ስልኩን ተቀብላ ከፈተችው። ሟቿ ክፍሉ ውስጥ እየተቻኮለች ተናገረች፦

«የኔ እህት፣ ሽሮፑን እንዳትሰጪው! ልጄን የጎዳው እሱ ነው። ቁጥሩን ጽፌዋለሁ፣ ለሐኪሞቹ ይዤ እመጣለሁ። ማይኩን ጠርቼዋለሁ፤ ለወላጆቹ ሁሉ አሁኑኑ እንዲያነብላቸው። ይኸው፣ በሩን እያንኳኳ ነው።»

«ልገፋት እንጂ ልገድላት...» አለ ማይኩ። ድምፁ ሻክሯል። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ወደ እሱ ሄደ።

እህትየው ግን ማንንም አላየችም። ከቦርሳው የተጋመሰ ጠርሙስ አውጥታ በሁለት እጇ ይዛለች። «ሲያስለው ጊዜ... ዛሬ ጠዋትም ሰጥቼዋለሁ። በገዛ እጄ!»

ሹፌሩ ያኔ ስልኩን አነሳ። ሆስፒታል ደወለ። ነርሷ ልጁ ራሱን ስቶ ሐኪሞቹ ዙሪያውን እንደከበቡት ነገረችው፤ በሕይወት አለ፣ የወሰደው ነገር ካለ ቶሎ ይናገር። ዩኒፎርሙን ከስፌት መኪናው ላይ ሳበ። የሚስቱ ጽሑፍ በጥድፊያ የተንጋደደ ነው። ጠመኔው እንዳይለቅ ትንፋሹን ውጦ፣ ቀስ ብሎ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበላት።

«አራት... አራት... ሰባት... አንድ። ሰማሽኝ፣ እህቴ? ልድገምልሽ?»