ያለ እጀታ የተቀበረው ምሳር

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ተረት የፈለገ ሌላ ቦታ ይሂድ።

እኔ ራሴ የመናፍስት ወሬ ሲወራ የምስቅ ሰው ነኝ። ተረፈ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም... ደግሞም የሚዋሽ ሰው እንደዚያ አያለቅስም።

ባለፈው ጥቅምት ነው፤ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ግድብ በላይ፣ ባህር ዛፉ ጥግ ያለችው የተረፈ የቆርቆሮ ዳስ።

ተረፈ ከወላይታ መጥቶ እዚህ ሲኖር አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሥራው እጀታ ነው፤ የአካፋ፣ የዶማ፣ የምሳር። አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ጌዲ ነው። ታናሽ ስላችሁ ልጅ እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ግንድ ብቻውን የሚያነሳ ሰውዬ ነው።

የዚያን ሰሞን ሁለቱ ተኳርፈው ነበር። ጌዲ "ሰበታ ፋብሪካ ልገባ ነው" ሲለው፣ ተረፈ "ያሳደግኩህ ለዚህ ነው?" ብሎ ሰው ፊት በጥፊ መታው። ጌዲ አልመለሰለትም። ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረውምም። ተረፈ ይቅርታ ሊጠይቀው ያስባል... ኩራቱ ይይዘዋል።

በዚህ መሀል ነው ኦዳ የመጣው።

ኦዳ የዚያው ሰፈር ገበሬ ልጅ ነው፤ አሮጌ ቤታቸውን አፍርሰው በብሎኬት እየሠሩ ነበር። በማዳበሪያ የተጠቀለለ ብረት አምጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም፤ ያጣላል። ሰጪው መሬት ያስቀምጣል፣ ተቀባዩ ያነሳል። ተረፈ በዚህ ልማድ ቀልድ አያውቅም።

"አካም ተሬ! እጀታ አስገባልኝማ። ሱሉልታ ያለ ሎጅ ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ይፈልጋል።"

ተረፈ ብረቱን አገላበጠው። የእንጨት መፍለጫ ምሳር ወፍራም ነው፤ ግንድ መሰንጠቅ አለበት። ይሄ ግን ስስ ነው። ቀላል ነው። የስለቱ የታችኛው ጫፍ እንደ መንጠቆ ወደ ታች ወርዷል።

"ይሄ ለእንጨት አልተሠራም።"

"ለሰው ነዋ!" ኦዳ ሳቀ። "ቅድመ አያቴ የዘመተበት ነው። ጎራዴ ያጣ ድሃ በምሳር ነበር የሚዋጋው። ጦርህን አንዴ ከወረወርክ ባዶ እጅህን ነህ። ምሳር ግን አብሮህ ይቆያል። በዚህች ጫፍ የሰውየውን ጋሻ ወደ ታች ትስብና..." እጁን አንገቱ ላይ አሳለፈ።

"ታዲያ እጀታው የት ሄደ?"

ኦዳ ሳቁን ቀነስ አደረገ።

"ከጦርነት ሲመለስ ራሱ ነቅሎት፣ ብረቱን ግድግዳ ሥር ቀበረው። እጀታ ካለው በሱ የወደቁት ፈልገውት ይመጣሉ ይል ነበር አሉ። እናቴም አትንካው ብላኝ ነበር... ተወው፣ የሽማግሌ ወሬ ነው።"

ተረፈ ደረቅ ወይራ መረጠ። እንደ ወትሮው ቢሆን እንጨቱን ይጠርባል፣ ይሞክራል፣ መልሶ ይጠርባል፣ በመጨረሻ ሽብልቅ ይመታበታል። ትዕግሥት የሚጨርስ ሥራ ነው።

ይሄኛው ግን... ዝም ብሎ ገባ።

ያለ ሽብልቅ። ቢነቀንቀው ንቅንቅ አይልም።

ግንድ ላይ ሞከረው። ነጥሮ ተመለሰ። ግንዱ ጭረት እንኳ አልወጣበትም።

ያኔ ጌዲ ከዳሱ ወጣ። ተረፈ እንዲሞክረው ምሳሩን መሬት ላይ አስቀመጠለት፤ ጌዲ አነሳው።

አያያዙ ደስ አይልም። እንጨት ፈላጭ በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። ጌዲ በአንድ እጁ ከትከሻው በላይ ያዘው። ግራ ክንዱን ደግሞ አጥፎ ደረቱ ፊት አቆመው።

ጋሻ እንደያዘ ሰው።

"ጌዲ?"

ጌዲ እግሩን አንፈራጦ ቆመ።

"ኧረ አንተ፣ ምን ሆነሃል?"

ጌዲ ዓይኑን ከተረፈ ላይ አልነቀለም። ለተረፈ እንደዚያ ነው የመሰለው።

"ስንት ናቸው?" አለ በሹክሹክታ።

"እነማን?"

"ዝም በል... አትንቀሳቀስ።"

ወፍ አይሰማም። የአስፋልቱ የመኪና ድምፅ እንኳ ጠፍቷል። ኦዳ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሮጠ። እኔም ብሆን እሮጥ ነበር።

ጌዲ ወደ ወንድሙ አንድ እርምጃ ቀረበ።

ተረፈ ጥፊው ትዝ አለው። ወንድሜ ሊገድለኝ ነው ብሎ አሰበ።

"ጌዲዬ... በእናታችን ይዤሃለሁ። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።"

"በኋላ።"

ተረፈ ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ግን ስለት ከእጅ እንዴት ይቀበላል? በዚያች ሰዓት እንኳ ልማዱ ያዘው። እጁን ሰበሰበ።

"መሬት አስቀምጠው።"

"ተሬ፣ ባስቀምጠው እኮ..."

"አስቀምጠው! ስለ ወንድምነታችን!"

ጌዲ አየው። ያን ጊዜ ነው በእርግጥ ያየው፤ እስከዚያ ድረስ በትከሻው ላይ አሻግሮ ሌላ ነገር ነበር የሚያየው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ጎንበስ ብሎ ምሳሩን መሬት ላይ አኖረው።

"ላንተ እኮ ነበር የቆምኩልህ" አለ።

ከተረፈ ጀርባ ሣር ሲረገጥ ተሰማ።

ዞረ። ሰው የለም።

ከግድቡ በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሣሩ እየተኛ ይመጣል... ብዙ ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ሲራመድበት እንደሚተኛው። ነፋስ የለም። ቀስ ብሎ መጣ... መጣ... አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ።

ተረፈ ምሳሩ ላይ ተወረወረ። በሁለት እጁ ጎተተው። ከመሬት አልነሳ አለው።

ጌዲ ወንድሙን ገፋ አድርጎ ከፊቱ ቆመ።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለው፣ ፊቱን ሳያዞር። ከዚያ ባዶ እጁን ወደ ሣሩ ሄደ።

ተረፈ እየጮኸ ተከተለው። ጌዲ ግን የተኛው ሣር ላይ ደርሶ፣ አንድ እግሩን አስገባ፣ ሁለተኛውን አስገባ።

ሣሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ቀና አለ።

ወገብ ነው የሚደርሰው። ሰው አይደብቅም።

ጌዲ ግን አልነበረበትም።