«ጨረር» የሚለው ቃል

«አባዬ፣ ተገኘ! እግሯ ላይቆረጥ ነው!»

ኮቶኔ ሐኪሞቹ የሰጧትን የፈቃድ መፈረሚያ ወረቀት እያውለበለበች የሆስፒታሉን ኮሪደር በሩጫ ጨረሰችው። የአያቷ የቶሚኮ ሰው ሠራሽ ጉልበት በባክቴሪያ ከተመረዘ ስድስት ወር ሆኖታል። ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ልጋግ መሳይ ሽፋን ሠርቶ ስለተደበቀ የወሰደችው መድኃኒት ሁሉ ንክች አላደረገውም። እግሯን ከመቁረጥ በቀር ምንም አልቀረም ነበር። ዛሬ ግን ሐኪሞቹ አዲስ ሕክምና እንሞክርላት አሉ።

«ገባህ አባዬ? ፀረ እንግዳ አካሉ፣ ማለት ባክቴሪያውን ፈልጎ የሚይዘው ፕሮቲን፣ እንደ ፖስተኛ ነው፤ የባክቴሪያውን አድራሻ ያውቃል። ጨረሩን ተሸክሞ በሩ ድረስ ይወስድለታል! አሪፍ አይደል?»

አባቷ አልሳቀም። «ዓይኗ ስለደከመ የምታነቢላት አንቺ ነሽ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጨረር የሚለውን ዝለይው። መድኃኒት በይ፣ በቃ። ቦምቡ እዚሁ ሂሮሺማ ሲወድቅ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እናቷን የጨረሳት ያ ጨረር ነው። ቃሉን ከሰማች አትፈርምም፤ እግሯም ይቆረጣል።»

ኮቶኔ የምታውለበልበውን ወረቀት ዝቅ አደረገች። የአያቷ እግር እንዲቆረጥ አትፈልግም። አያቷን መዋሸትም አልሆነላትም።

«ምን ያስሮጥሻል አንቺ? ቤት ተቃጠለ እንዴ?» አለቻት ቶሚኮ ወደ ክፍሏ ሲገቡ ከአልጋዋ ላይ።

ኮቶኔ ማንበብ ጀመረች። ጨረር የሚለው ቃል ጋ ስትደርስ አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። አያቷ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ጆሮዋን አስጠግታለች።

«ጨረር ነው፣ አያዬ» አለች ኮቶኔ። «ባክቴሪያውን የሚገድለው ጨረር ነው።»

ቶሚኮ ብርድ ልብሱን ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«ይኼኛው» አለች፣ «ማንን እንደሚመታ ያውቃል?»

«አዎ! ማለቴ… እንዲያውቅ አድርገው ነው የሠሩት። ግን ገና ሙከራ ነው፤ ሌላም ነገር ሊነካ ይችላል። እሱም ተጽፏል።»

«ያኛው ማንንም አልለየም።»

«እማዬ፣ ካልፈለግሽ እኮ…» ብሎ አባቷ ጣልቃ ገባ።

«አንተ ዝም በል! ጉሮሮህን ስትጠርግ የማልሰማ መሰለህ?» አለችው ልጇን። ወደ ኮቶኔ ዞረች። «ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። የሚነካውንም፣ የማይነካውንም። ከዚያ እኔው እወስናለሁ።»

ኮቶኔ ወንበሯን አስጠጋችና ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች።