ሰባት ናት ዘጠኝ?

«ይኸው! ራስህ ወዝውዘው!» አለች ዳርላ ከመኪናው ሥር ሆና። «ይሄ ብሎን ንቅንቅ ይላል? ይላል ወይ አባዬ?»

አባቷ ቨርነን የማይታጠፈውን ጉልበቱን ዘርግቶ ጋራዡ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል። እጁን አሾልኮ የማርሹን ዘንግ ነቀነቀው። ምንም የለም፤ ድርቅ ብሎ ቆሟል።

«ዛሬማ አጥብቀሽዋል» አለ። «ማክሰኞስ?»

ቀኑ ረቡዕ ነው፤ የዳርላ ታናሽ እህት ቴሳ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆማለች። ሁለቱም ዞር ብለው አላዩዋትም፤ እሰይ እንኳን አላዩዋት! ቢያዩዋት ፊቷ ያሳብቅባት ነበር።

ቴሳ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ክብ ሜዳ ላይ ግን አባቷን የሚያካክሉ ሹፌሮችን ጉድ ትሠራለች። በካሮላይና የመኪና እሽቅድምድም ማለት ለብዙ ሰው ክብ ሜዳ ነው። ማርሹ አንዴ አራተኛ ከገባ በቃ፣ የቀረው ወደ ግራ መጠምዘዝ ብቻ። የቅዳሜው ግን ሌላ ነው። ኮረብታ የሚወጣና የሚወርድ፣ ወደ ቀኝም የሚታጠፍ፣ በየመታጠፊያው ማርሽ የሚያስቀይር ጥምዝምዝ መንገድ። ሳምንቱን ሙሉ ዳርላ «ቀኝ የትኛው እንደሆነ እጅሽ ላይ ልጻፍልሽ?» እያለች ስታበሽቃት ከርማለች።

ማክሰኞ፣ ልምምድ ላይ፣ ቴሳ ኮረብታውን ስትወርድ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ልትቀንስ ዘንጉን ወደ ፊት ገፋች። ቸኮለች። እጇም እንደ ልማዱ ወደ ግራ አደላና አንደኛ ገባ። ሞተሩ እንደሚታረድ አሳማ ጮኸ፤ የኋላ ጎማዎቹ ተያዙ፤ መኪናው ሁለቴ ዞሮ ሣሩ ላይ ቆመ።

ከመሪው ፊት ለፊት የሞተሩን ዙር የሚቆጥር ሰዓት አለ። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ አንዴ ሲጫኗት ሞተሩ የደረሰበትን ከፍተኛ ቁጥር ታሳያለች፤ ሁለቴ ሲጫኗት ታጠፋዋለች። ቴሳ አንዴ ተጫነች። 9200። የቨርነን ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ስምንት ሺህን ያለፈ ሞተር ሳይከፈት ሜዳ አይገባም። ከዓመታት በፊት ከፊቱ የነበረ መኪና ሞተር ፈንድቶ፣ በፈሰሰው ዘይት ተንሸራቶ ነው ግድግዳው ጉልበቱን የወሰደበት። ሞተር መክፈት ማለት ደግሞ ቅዳሜ መቅረት ነው። በነጥብ የምትመራው በአራት ብቻ ነው፤ አንድ ውድድር ከቀረች ዓመቱን ሙሉ የለፋችበት መና ይቀራል።

አባቷ ሣሩን እያቋረጠ ሲያነክስ አየችው። ቁልፏን ሁለቴ ተጫነች።

«ምን ሆነሽ?»

«ማርሹ በራሱ ዘለለ!» አለች ዓይኗን በጨው አጥባ።

ከዚያም እንደ ሁልጊዜው ከሰዓቱ በታች የተለጠፈው ነጭ ፕላስተር ላይ የዕለቱን ቁጥር ጻፈች፤ 7200። አባቷ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ያቺን ፕላስተር ሳያነብ ቀርቶ አያውቅም። ያን ቀንም አነበበ። አመናት።

ማርሹ በራሱ ከዘለለ ጥፋተኛው ማን ነው? ዘንጉን ያሰረው ሰው ነዋ! ዘንጉን ያሰረችው ደግሞ ዳርላ ናት። የሃያ ዓመቷ ዳርላ የዚያን ቤት ካምቢዮ፣ የማርሹን ሥራ ሁሉ፣ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ በእጇ ይዛለች። ቴሳ ይሄን አላሰበችውም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ስታስበው አፏ ቀድሟት ነበር።

ሐሙስ ክፍል ውስጥ እግሯ አልረጋ አለ። ቀኝ እግሯ የሌለ ነዳጅ ይረግጣል፣ ግራው የሌለ ፍሪሲዮን ይጫናል፣ እጇ በእርሳስ ማርሽ ይቀይራል። አራት፣ ሦስት። አራት፣ ሦስት። ደግሞ ከመጀመሪያው።

«ቴሳ፣ ዴስኩን ነድተሽ ልትወጪ ነው እንዴ?» አሏት የታሪክ መምህሯ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ቴሳም ለወጉ ሳቀች። ወዲያው ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ፤ ዳርላ ናት። «ለአራተኛ ጊዜ ፈታሁት። ምንም የለውም። አብጄ ይሆን?» ይላል።

ቴሳ «ኧረ ምንም አልሆንሽም» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «አይዞሽ» ብላ ጻፈች። እሱንም አጠፋችው። ምን ብላ ትመልስ?

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም። መኪናውን የሚጭነው ተጎታች ጓሮው ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ዳርላ ጋራዡ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በጨርቅ እጇን ትጠርጋለች። የአሳማ ሥጋ ያለበት ብስኩቷ ሳይነካ አጠገቧ ደርቋል። ዳርላና ምግብ! እንዲህ ተኳርፈው አያውቁም።

«የብሎኑን ዳዶ ሳጠብቃት ትዝ ይለኛል» አለች ቀና ሳትል። «ድምጿ እንኳ ትዝ ይለኛል። ግን አንቺ ዘለለ ካልሽ ዘሏል። እኔን አትዋሺኝም። ስለዚህ የኔ እጅ ነው ማለት ነው።»

«ዳርላ...»

«ተይው፣ አታባብዪኝ! ኮረብታው ታች ግድግዳ ቢኖርስ ኖሮ? ገድዬሽ ነበርኮ!»

እህቷ ብትጮህባት፣ ብትሰድባት ስንት እጥፍ ይሻላት ነበር።

ቨርነን እያነከሰ ገባ። «በሉ፣ ሞተሩን አሙቀን እንጫን» አለ። ዳርላን ሳያያት ቀጠለ። «ቅዳሜ ካምቢዮውን መካኒኩ ኤልሮይ ይይዘዋል፤ ደውዬለታለሁ። አንቺ እቤት ዕረፊ።»

ዳርላ ከስድስት ዓመት ወዲህ አንድም ውድድር ቀርታ አታውቅም፤ ኩፍኝ ይዟት እንኳ ሄዳለች። ተነሥታ የመፍቻ ቁልፎቿን አንድ በአንድ ሣጥኑ ውስጥ መደርደር ጀመረች።

ቴሳ በመስኮቱ ሾልካ መኪናው ውስጥ ገባች። የውድድር መኪና በር የለውም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ፕላስተሯ ዓይኗ ሥር ናት። 7200። በክር የታሰረው እስክሪብቶ አጠገቧ ተንጠልጥሏል።

አሁንኮ ዝም ብትል ያልፋል። ሞተሩ ማክሰኞም ተነሥቶ ነበር፤ ቅዳሜም ይነሣ ይሆናል። ከኋላዋ ሠላሳ መኪና ይከተላታል። ዘይት ቢፈስስ? የአባቷን እግር መጎተት ሰማች፤ እየመጣ ነው። ከወዲያ ማዶ ደግሞ የዳርላ ቁልፎች ሣጥኑ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ።

ሰባትን ዘጠኝ ለማድረግ ብዙ አይፈጅም፤ የሰባቷን ራስ የምትዘጋ አንዲት ቅስት ብቻ ትበቃለች። ቴሳ እስክሪብቶውን አነሣች። ቸኩላ ቅስቷን አጠፈች። ጠማማ ሆነች።

ቨርነን እንደ ልማዱ አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ ፕላስተሯን አየ። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ።

«ይቺ ሰባት ናት ዘጠኝ?»

ማምለጫውን ራሱ ሰጣት። ሰባት ብትለው ሰባት ናት ብሎ ያልፋል፤ ያምናታላ!

«ዘጠኝ ናት አባዬ» አለች። «ያኔም ዘጠኝ ነበረች። ማርሹ አልዘለለም። አንደኛ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ቁልፎቹ መንኳኳት አቆሙ።

ቨርነን ፕላስተሯን እንደገና አየ፣ ከዚያ ቴሳን አየ። አንገቱን አወጣና ወደ ዳርላ ዞረ።

«ዳርላ፣ እኔ...»

«ሰምቻለሁ» አለች ዳርላ።

«ለኤልሮይ እንዳይመጣ ልንገረው» አለ ለራሱ እንደሚናገር፤ ስልኩን ይዞ ወጣ። ተጎታቹ አጠገብ ቆሞ፣ መኪናው ሳይጫን፣ በሌላው እጁ በሩን መልሶ ሲዘጋው ታየ።

ቴሳ ከወንበሩ አልተነሣችም። እግሯ አሁንም አልረጋም። ዳርላ ሣጥኗን መልሳ ከፈተች፣ አንድ ቁልፍ መረጠች፣ መጥታ በመስኮቱ ጭኗ ላይ ወረወረችላት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ውጪና ኮፈኑን አንሺ። ገና አላናግርሽም።»

«እሺ።»

«ብሎኑ ወደ ግራ ነው የሚፈታው» አለች ዳርላ ጀርባዋን እየሰጠቻት። «እሱን እንኳ ታውቂያለሽ።»