በገጹ ጥግ ያለው ክብ

«እትዬን የገደላቸው መጽሐፋቸው ነው» አለች ጎረቤቲቱ፣ ከማለዳ ጀምሮ ለመጣ ሁሉ እንደምትለው። መጽሐፍ ከገለጠች ሃያ ዓመት ቢያልፋትም፣ በዚህ ጉዳይ ከእሷ በላይ ላሳር ነው።

ደራሲዋ ከደረጃው ሥር ወድቀው ተገኝተዋል። ደረታቸው ላይ አጥብቀው የያዙት መንደርተኛው በልጅነቱ እየሰማ የተኛበትን ተረታቸውን ነው፤ ጨረቃ ለጠፋች ልጅ ሰባት ቋጠሮ ያለው ክር ሰጥታ ቤቷ የምታደርስበትን። ዘንድሮ ግን «ቋጠሮው ድግምት ነው፣ በተረቱ ያለችው ጥቁር ድመትም መተት» የሚል ወሬ ተነሥቷል።

መርማሪዋም በዚሁ ተረት ያደገች ናት። መጽሐፉን ከሟቿ እጅ ቀስ ብላ አላቀቀችው።

የሟቿ የእህት ልጅ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የስድስት ዓመት ልጇን ዐምና በሕመም ቀብራለች።

«አክስትሽን መቼ አየሻቸው?»

«ልጄ ከሞተች ወዲህ እዚህ ቤት እግሬ አልረገጠም። ማታ ማታ ያንን ሲያነቡላት… ቋጠሮው፣ ድመቷ፣ ጥጉ ላይ መስቀል ያለበት ክብ… እንዴት ትዳንልኝ?»

መርማሪዋ ተነሥታ መደርደሪያው ላይ ያሉትን የተረቱን እትሞች አንድ በአንድ ገለጠች። ከዚያ «ምላጩ» የሚባሉትን የማተሚያ ቤቱን ወረቀት ቆራጭ አስጠራች።

«ጋሼ፣ ይህን መቼ አመጡላቸው?»

«ትናንት ረፋድ። የአዲሱ እትም ናሙና ነው። ጠርዙ ሳይቆረጥ ካላየሁት ብለው ነዘነዙኝ፤ መቼም መጽሐፍ ሲወጣላቸው እንደ አራስ ነው የሚያደርጋቸው።»

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ወሬው ስለ ቋጠሮና ስለ ድመት ነው። ስለ ክብ የሰማ አለ?»

«እኔ ያልሰማሁት ወሬ የለም፤ ይሄን ግን አልሰማሁም» አለች ጎረቤቲቱ። በዚህ እንኳ አትዋሽም።

«በድሮዎቹ እትሞች ክብ የለም። ያለው በዚህ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የመጣው ትናንት ነው። እህቴ፣ ዓመት ሙሉ ካልመጣሽ የት አየሽው?»

የእህት ልጅየዋ ጣቷን ወደ መጽሐፉ ቀሰረች።

«የልጄን ስም አትመውበታል። ‹መታሰቢያነቱ ለእሷ ነው› ብለው ትናንት ማታ አስጠርተው ደረጃው አናት ላይ ቆመው አሳዩኝ። ከስሟ ሥር፣ ጥጉ ላይ፣ ያ ክብ አለ። ሞታም አልለቀቋትም አልኩ። ልነጥቃቸው ስል እምቢ አሉ… ገፋኋቸው።»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ይዟት ሲወጣ፣ ምላጩ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አዩት። እስካሁን ገጹን ያሳያቸውም የጠየቃቸውም አልነበረም።

«ይህማ የኛ ነው» አሉ። «ቀለሞቹ አንዱ ባንዱ ላይ ልክ እንዲያርፉ የምናትመው ምልክት። እትዬ አይተው ሲመልሱልኝ፣ ዛሬ ከሰዓት ከጠርዙ ጋር ቆርጬ ልጥለው ነበር።»