ሰባት ሰባት እየዘለለ

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። እዚያው ነበርኩ። ካላመናችሁኝ ዝለሉት፤ ንዴቴ ገና አልበረደም፣ ለማሳመን ጉልበት የለኝም።

1995 ዓ.ም. ነው። መርካቶ፣ ከጎጃም በረንዳ ዝቅ ብሎ ባለው የቁልፍና የማጠፊያ ተራ። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ...

ነገሩ የጀመረው ከእድራችን መዝገብ ነው። ፀሐፊያችን ጠሀ የዘንድሮዎቹን ሟቾች ስም ሲያገላብጥ ከረመና አንድ ቀን ሱቄ መጣ።

"ሀያቱ" አለኝ በሹክሹክታ። "የአራት ቁጥር ሱቅ ሰው ሞተ። አስራ አንድ ሞተ። አስራ ስምንት ሞተ።"

"እና?"

"ሰባት ሰባት እየዘለለ ነው። ሶስቱም ማክሰኞ።"

"ዘጠኝ ቁጥርስ? እሱም ዘንድሮ ነው የሞተው፤ ያውም ዐርብ።"

"እሱ ሀገር ቤት ሄዶ ነው። አይቆጠርም።"

"አስራ ስምንት የምትለው እኮ የባለሱቁ አማት ናቸው!"

"ያው ቤተሰብ ናቸው።"

ተመልከቱልኝ! ያልገጠመውን ይጥላል፣ የገጠመውን ይለቅማል። ከዚያ "ገጠመ" ይላል።

ቀጣዩ ሃያ አምስት ቁጥር ነበር። ፊት ለፊቴ ያሉት ጋሼ ዘውገ።

"የሰውን ቀን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ለማንም እንዳታወራ" አልኩት።

በሳምንቱ ተራው በሙሉ ያውቅ ነበር። እሳቸውም ጭምር።

መጀመሪያ ትንንሽ ነገር ነው...

ሻይ የምታዞረው ፋጢማ ለሁላችንም በብርጭቆ ታመጣለች። ለሳቸው በሚጣል ፕላስቲክ።

ደንበኞቻቸው "ነገ እመለሳለሁ" ማለት ተዉ።

ሁለት ሱቅ አልፎ ያለው ነጋዴ ድንገት አቅፏቸው አለቀሰ። "ምነው?" ቢሉት "ናፍቀውኝ" አለ። በየቀኑ እያያቸው!

ጋሼ ዘውገ ቀልደኛ ነበሩ። "ማክሰኞ ካልሞትኩ ጠሀ ይቀየመኛል" እያሉ ይስቃሉ። ሳቃቸው ግን እያጠረ መጣ።

ሰኞ ዕለት ጠሩኝ።

"ሀያቱ... ሰው ሰላም ሲለኝ እንደ ፎቶ ነው የሚያየኝ።"

"ይተዉት ጋሼ። ነገ ምሳ አብረን እንበላለን።"

"ነገ?" አሉ።

ከሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ተራው ዝም አለ። መርካቶ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጋሪ የሚገፋ የለም። የሚጣራ የለም። ሰዉ እንደ ለቀስተኛ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከሱቃቸው ትይዩ ተደርድሮ ተቀምጧል።

ሰውየው በሕይወት እያሉ!

"ምንድን ነው የምትጠብቁት?" ብዬ ጮህኩ። ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

ጋሼ ዘውገ ተነሱ። ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ የቆርቆሮ መዝጊያውን ከውስጥ ወደ ታች ጎትተው ዘጉ።

ሰብረን ስንገባ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ... አልፈዋል።

"አላልኩም?" አለ ጠሀ።

ኮሌታውን ያዝኩት። "እናንተ ናችሁ የገደላችኋቸው! በዐይናችሁ!"

"ቀጣዩ ሰላሳ ሁለት ነው" አለኝ፣ ዐይኑን ሳያርገበግብ።

ከንዴት ብዛት ሳቅሁ። "ተራው እኮ ሰላሳ አንድ ላይ ያልቃል! ከዚያ ወዲያ ደረቅ ግንብ ነው። ሂሳብህ እዚህ ላይ ሞተ!"

እጄን ከኮሌታው አላቅቆ ሄደ።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ቀትር፣ ከሱቄ ብወጣ ተራው ባዶ ነው። ወደ ጫፍ ሄድኩ። ሁሉም እዚያ ናቸው። ግንቡን ፊት ለፊት እያዩ ተቀምጠዋል።

ግንቡ ላይ፣ ገና ባልደረቀ ቀለም፣ 32 ተጽፏል።

"እናንተ እብዶች! ድንጋይ እኮ ነው!"

ጠሀ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። "ቀስ..."

ላሳፍራቸው ብዬ ሄጄ ጆሮዬን ግንቡ ላይ ለጠፍኩ።

ከድንጋዩ ውስጥ... አንድ ሰው የቆርቆሮ መዝጊያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይገፋ ነበር።